የጀልባዋ ገፊና የእኔ ገመድ

ስለ ጀልባ ሳወራ የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። የነጌሌ ቦረና አሮጊት ጀልባን ከየት ታውቃለች ይላሉ። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በገናሌ ወንዝ ዳር ጀልባ ስቀበል ኖሬአለሁ። ገመድ ይወረወርልኛል፣ እቀልበዋለሁ፣ ከጉቶ ላይ እጠመጥመዋለሁ። የሚወረውረው ባሌ ነበር።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን ነው። ነዳጅ ፍለጋ መጥተው የነበሩ ፈረንጆች ሲሄዱ ጀልባዋን ለአንድ የነጌሌ ነጋዴ ሸጡለት። ታንኳ እንዳትመስላችሁ። ነጭ፣ አፍንጫዋ ሹል፣ ለፍጥነት የተሠራች ናት፤ ፈረንጆቹ እሁድ እሁድ ለጨዋታ ይጋልቡባት ነበር አሉ። ሞተሯ ከኋላ የተንጠለጠለ ሳይሆን ሆዷ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ድልድዩ ሩቅ ስለነበር ነጋዴው ሰው ማሻገሪያ አደረጋት። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበረ። መኪና የነዳ ጀልባ አያቅተውም ተባለና ለእሱ ተሰጠችው።

አቃተው። ጀልባዋ ስትፈጥን እንደ ተገራች በቅሎ ትታዘዛለች። ዳር ልትደርስ ስትል ግን መቀዝቀዝ አለባት፤ ስትቀዘቅዝ ደግሞ መሪዋን አትሰማም። ወደ ኋላ ላስኪዳት ሲል ጅራቷ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ያን ጊዜ ውሃው አፍንጫዋን ይዞ ወደ ታች ያዞራታል። ወደ ታች ድንጋይ አለ። ከድንጋዩ ወዲያ አዞ አለ። ማዶው አሸዋ ስለሆነ አፍንጫዋን ሰክቶ ያቆማታል፤ የእኛ ወገን ግን ገደል ቢጤ ነው።

ስለዚህ ሁለታችን ዘዴ አበጀን። እሱ ከታች ተነሥቶ ውሃውን እየገፋ ይመጣና እኔ ፊት ሲደርስ አፍንጫዋ ላይ የታሰረውን ገመድ ይወረውራል። እኔ ከላይ በኩል ባለው የግራር ጉቶ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሜ ቀስ እያልኩ እለቀዋለሁ። አንድ ዙር ከሆነ ያመልጣል፤ ሦስት ከሆነ ይነክሳል፣ አይለቅም። ከዚያ በኋላ ወንዙ ራሱ ጀልባዋን ገፍቶ ከዳር ያስጠጋታል።

ሌላም ሕግ ነበረን። ግራሩ ሥር አንድ የቦረና ሽማግሌ ይቀመጡ ነበር፤ ከማዶ ምን ወሬ መጣ ብለው የሚውሉ ሰው ናቸው። ጀልባዋን ገና ሲያዩ «አካም! ናጋ?» ብለው ይጣራሉ። ሽማግሌ ሰላም ሲልህ ቁጭ ብለህ አትመልስም፤ ብድግ ትላለህ። ሁሉም ብድግ ካለ ደግሞ ጀልባ ይጋደማል። ስለዚህ ገመዱ ጉቶው ላይ ሳይታሰር ሰላምታ የለም ተባለ። ሽማግሌውም ሰሙን። ገመዱን ሳስር እያዩ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁ ነበር።

ገመዱን ሲወረውር የባሌ ዓይን እኔ ላይ ነው። በቀን አሥር ጊዜ፣ በገበያ ቀን ከዚያም በላይ። አንድ ቤት የሚያድሩ ባልና ሚስት በቀን አሥር ጊዜ መቼ ይተያያሉ? ያኔ ይህን አላሰብኩትም። ያኔ የማስበው መዳፌ መላጡን ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ነጋዴው ከክብረ መንግሥት አንድ መካኒክ ይዞ መጣ። ልጁ ወርቅ ከሚቆፈርበት አገር ነው፤ እዚያ ጉድጓድ የሞላውን ውሃ በፓምፕ ይስባሉ። ያንን ፓምፕ ከጀልባዋ አፍንጫ ውስጥ አስገብቶ ቱቦውን በግራና በቀኝ ጎኗ አወጣው። በቀኝ ውሃ ሲተፋ አፍንጫዋ ወደ ግራ ይሄዳል፤ በግራ ሲተፋ ወደ ቀኝ። ገፊ ብለው ጠሩት።

«ከእንግዲህ ገመድ የለም» አለ ነጋዴው። «ገመድ ያዥም የለም።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ነጌሌ፣ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ምነው፣ ፀሐዩ አልሰለቸሽም?»

ወንዝ ዳር የምናድርባት ጎጆ የነጋዴው ናት፤ ሥራ የሌለው አይኖርባትም። ነጌሌ ከወንዙ በጭነት መኪና ግማሽ ቀን ነው። እኔ ነጌሌ ከገባሁ ባሌን የማየው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው።

መካኒኩ በጠዋት፣ ውሃው ረግቶ ሳለ፣ በባዶ ጀልባ ሞክሮ አሳየን። ነጋዴው አጨበጨበ።

«ምን አይተው ነው የሚያጨበጭቡት?» አልኩት። «ባዶ ናት እኮ! ላይ ደጋው፣ ቦሬ ዘንቦ ውሃው ይቅላ፤ ሰውም ጨውም ይጫንባት። ሦስት ጊዜ በእኔ ገመድ፣ ሦስት ጊዜ በእሱ ገፊ። ያኔ ይፈረድ።»

«ዳኛ ሆነሽ ነው?» አለ ነጋዴው፤ ቢሆንም እሺ አለ።

የዚያን ቀን ማታ ባሌ «አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?» አለኝ። «ደለል ይዘጋዋል ብዬ እኔው አስተወው ነበር።»

«ከዘጋው ሁላችንም እናያለን። ካልዘጋው ግን ዘጋው አትልም።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

ውሃው ቀላ። ሰው ሞላን፣ ጨው ጫንን። በገመዱ ሁለቴ ጥሩ አስጠጋናት፤ በሦስተኛው ገመዱ ከእጄ አመለጠኝና ባሌ ዞሮ እንደገና መምጣት ነበረበት። በገፊው ሦስቱንም ጊዜ ደህና መጣች። መካኒኩ የፓምፑ አፍ ላይ ወንፊት አስሮ ስለነበር ደለሉ አልዘጋውም። ጀልባዋ እንደ ሰው በጎኗ ስትራመድ አየኋት።

«በይ ፍረጂ» አለኝ ነጋዴው።

«ይሻላል» አልኩ። ባሌ መሬት መሬት ያይ ነበር።

እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ቆዪ ተባልኩ። በገበያው ቀን ጀልባዋ ጢም ብላ መጣች። ገፊው ይጮኻል፣ ሰዉ ያወራል፣ ዳሩ ቀርቧል። ገመድ የለም። ሽማግሌው ወደ ጉቶው አዩ፣ የሚታሰር ነገር የለም፣ ጀልባዋ ግን ደርሳለች። «አካም! ናጋ?» አሉ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ ብድግ ብሎም ወደ ሳቸው ዞረ። ጀልባዋ ጋደል ብላ ውሃ ጠጣች። ሰዉ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጯጯሃል፣ እኛ ክንድ ክንዱን ይዘን እንጎትታለን። ማንም አልተጎዳም። የአንዲት ሴት የማር ቅል ብቻ ወደ ታች ሄደ።

«እኔ ሰላም ናችሁ ወይ አልኩ እንጂ» አሉ ሽማግሌው፣ «ውሃ ግቡ መቼ አልኩ?»

ነጋዴው አልሳቀም። «ንቀልልኝ!» አለው መካኒኩን። «ይህን እርኩስ ነገር አሁኑኑ ንቀልልኝ! ሰው ልታስፈጅብኝ ነው?» መካኒኩ ቱቦውን እያየ ቆመ። ባሌ አየኝ። ምን ሊለኝ እንደፈለገ አውቃለሁ። ገመዱ እዚያው ጉቶው አጠገብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ዝም ማለት ይበቃኝ ነበር።

«ገፊው ምንም አላጠፋም» አልኩ። «ጀልባዋን ከዳር አድርሷል። ያጋደላት ሰላምታው ነው። ገመዱ ሁለት ሥራ ነበረው። ያስጠጋል፣ ደግሞም ሰላምታ ያስጠብቃል። አንዱን ሥራ ገፊው ወሰደ፤ ሌላውን ማንም አልወሰደውም።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ሾፌሩ ፊሽካ ይያዝ። ፊሽካ ሳይነፋ ሰላምታ የለም።»

ከራሴ አፍ ወጣ። በማግስቱ ነጌሌ በሚሄድ የጨው መኪና ላይ ከነዕቃዬ ተጫንኩ። መካኒኩ ጓዜን ተሸክሞ አደረሰልኝና «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለኝ። ምን አድርጎኝ ነው ይቅር የምለው?

በነጌሌ መዳፌ ለሰለሰ። የደደረው ቆዳ መጀመሪያ ከጠርዙ ተላጠ፣ ከዚያ ከመሐሉ፤ እንደ ሙሽራ መዳፍ ሆነ። ጠላሁት። መኪና በመጣ ቁጥር ከበር ብቅ እላለሁ፤ አንዳንዱ ከአሬሮ በሬ የጫነ ነው፣ አንዳንዱ እህል። ባሌ በአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«ገፊው እንዴት ነው?» እለዋለሁ።

«ደህና ነው። ይሠራል።»

አንድ ጊዜ እንኳ አስቸገረኝ እንዲለኝ እንዴት እንደተመኘሁ! እሱም ከእኔ ለምዶ ነው መሰለኝ፣ አልዋሸም። እንዳልዋሸኝ ሳስበው ይቆጨኝ ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

በአንድ በጋ ሳልነግረው ወደ ወንዙ ወረድኩ። ውሃው ጎድሏል፣ ረግቷል። ጉቶው እንዳለ ነው፤ ገመዴ የቆፈረው መስመር አልጠፋም፣ ጣቴን አስገብቼ አየሁት። ሽማግሌው ከግራራቸው ሥር ሆነው «መጣሽ?» አሉኝ።

ጀልባዋ ከማዶ ተነሣች። ዳር ስትቀርብ እጄ ሳላዘው ተነሣ፤ ገመድ እንደሚቀልብ ሰው ሁለቱንም እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ገመድ ግን ጀልባዋ ላይ አልነበረም፤ ነጋዴው ለጭነት ማሰሪያ ወስዶታል። ባሌ አየኝ። በዙሪያው ፈለገ፣ ከወንበሩ ሥርም ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ገፊውን አጠፋው።

«ሾፌር፣ ተበላሸ እንዴ?» አለ አንዱ ተሳፋሪ።

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ምነው ጠፋ?»

ባሌ ወደ አፍንጫዋ ሄዶ ተንበረከከና እጁን ዘረጋልኝ። በአንድ እጄ ጉቶውን አቀፍኩ፣ በሌላው የሱን እጅ ያዝኩ። ጎተትኩት። ከባድ ነበር፣ ክንዴ የሚነቀል መሰለኝ፤ ቀስ እያለች መጣች፣ ጎኗ ከዳሩ ገጠመ።

ፊሽካው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አልነፋውም። እጄንም አልለቀቀም።

«እህ» አሉ ሽማግሌው ከኋላዬ፣ «እኔስ ሰላም ልበል ወይስ ቤቴ ልግባ?»

ሰዎቹ ሁሉ ሳይነሡ ተቀምጠው ጠበቁን።