እማዬና የቬትናም ባርኔጣ

እኔ እንኳን ከጀሞ ርቄ የማውቀው ቢበዛ እስከ ሐዋሳ ነው። ባለፈው ክረምት ግን ቬትናም የምትሠራው እህቴ ሰላም እማዬንና እኔን ጋብዛን፣ ከሃኖይ ወጣ ብሎ ወዳለ ባርኔጣ የሚሠራበት መንደር ወሰደችን።

አንዲት ሴትዮ ከዘንባባ ቅጠል ሾጣጣ ባርኔጣ ትሰፋለች። እማዬ ገና ስታየው "ውይ፣ የመሶብ ክዳን!" ብላ ጮኸች። የእሷ ክዳን ኮንዶሚኒየም ስንገባ ከጭነት መኪናው ላይ ወድቆ ጠፍቶባት ነበር።

"ኧረ እማዬ፣ ባርኔጣ ነው!" አለቻት ሰላም።

"ዝም በይ፤ ክዳን ልታስተምሪኝ ነው?"

ዋጋ ስንጠይቅ ሴትዮዋ ገንዘቡን ትታ የእማዬን ነጠላ ጥለት ትደባብስ ጀመር። በምልክት ተግባቡና ተለዋወጡ። እማዬ ወዲያው ባርኔጣውን አጠገቧ ያለ ቅርጫት ላይ ደፍታ ልኩን ስታይ፣ ሴትዮዋ ደንግጣ ጭንቅላቷን እየጠቆመች በቋንቋዋ ትለፈልፍ ጀመር። እኔና ሰላም በሳቅ ፍርስ አልን።

ሴትዮዋ ተስፋ ስትቆርጥ ነጠላውን ዘረጋችና ጠረጴዛዋን አለበሰችው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያዋንም መሃሉ ላይ ጉብ አደረገችው።

እማዬ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

"ኧረ በገብርኤል! ሰው እንዴት ልብስና የጠረጴዛ ጨርቅ አይለይም?"