ተቃውሞ፣ አንድ

ረታ የሚነዳት የውሃ ቦቴ ሰማያዊ ናት። ጎህ ሲቀድ ከወንዙ ዳር ትሞላለች፤ ረፋዱን በጁባ፣ በጉዴሌ ሰፈር አቧራ ውስጥ እያቃሰተች ከደጅ ደጅ ትዞራለች። ሴቶቹ ባዶ በርሜላቸውን አውጥተው «ሐበሽ! ሞያ! ሞያ!» እያሉ በዓረብኛቸው ውሃ ይጠሩባታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጎኑ የተቀመጠ፣ ቱቦውን የዘረጋ፣ ፓምፑ ሲያምፅ ፈትቶ የገጠመ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል አብሮት ያደረ ጓደኛ ነበረው፤ ሠርፀ።

የሠርፀ አባት ወለጋ፣ እናቱ ጎጃም። በልጅነቱ በአባይ ድልድይ ወዲያና ወዲህ እያለ ስላደገ፣ ወንዝ ሲያይ ዝም ማለት አይሆንለትም። ቦቴዋ እስክትሞላ ጎማው ላይ ተቀምጦ ያንጎራጉራል፤

አንተ የጁባ ወንዝ ካርቱም ላይ ስትገባ፣
ለአባይ ንገርልኝ ሠርፀ ሆዱ ባባ።

«ይኼ ውሃ እኮ ታች ወርዶ ከእኛው አባይ ጋር ይገናኛል» ይላል ሲጨርስ። «የማልገናኘው እኔ ብቻ ነኝ።»

ረታ ደግሞ ሌላ ስም አለው፤ «ተአቅቦ»። ስሙን ያወጣለት እድሩ ነው። የጁባ ኢትዮጵያውያን እድር ከሁሉ በላይ አንድ ሥራ አለው፤ የሞተን ሰው አገሩ ያደርሳል። ለቀረው ነገር ሁሉ ድምፅ ይሰጣል። «የደገፈ?» ሲባል የረታ እጅ ጉልበቱ ላይ ነው። «የተቃወመ?» ሲባልም እዚያው ነው።

«ለፋሲካ በሬ ይሁን በግ ስንል እንኳ ድምፀ ተአቅቦ ነው» ይላል ሊቀ መንበሩ ከፈለ፣ ባለሆቴሉ። «ከሥጋው ግን ታቅቦ አያውቅም!»

ሰው ይስቃል። የሚስቀው ግን አያውቅም። በ1997 ረታ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። በወረዳው አዳራሽ «የምትቃወሙ እጅ አውጡ» ሲባል፣ እውነት መስሎት አወጣ። ሳምንት ሳይሞላ መጡ፤ የወሰዱት ግን እሱን አይደለም፣ መምህር ወንድሙን ተገኝን ነው። ተገኝ ከሁለት ዓመት በኋላ እየሳለ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አንድ መስከረም ብቻ አየ። በ2007 ረታ ካርድ ወስዶ ተሰለፈ፣ ወረቀቱን ባዶውን አጥፎ ኮሮጆው ውስጥ ጣለው። ኋላ ፓርቲዎቹ ስማቸውን ቀየሩ፣ የተሰደደው ገባ፣ የገባው ተሰደደ። የረታ እጅ ግን ከጉልበቱ አልተነሳም።

ዘንድሮም ሚስቱ ኤልሳቤጥ ከአገር ቤት ደውላለት ነበር።

«ካርድ ውሰዱ እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ምን ላድርግ?»

«ውሰጂ። ስትመርጪ ባዶውን ጣይው።»

«ሁልጊዜ ባዶ፣ ባዶ! ባዶም እኮ ይታያል፣ ረታ።»

ሠርፀ ይህን ሰምቶ ቦቴዋ ውስጥ ነካካው። «ከሁሉም አንድ የሚሻልህ ጠፋ?»

«የአገሩ ፓርቲ ‹ከእኛ ጋር ነህ ወይ?› ይለኛል። የክልሉ ደግሞ ‹የእኛ ነህ ወይ?› ይለኛል። ‹ጠምቶሃል ወይ?› ያለኝ ግን የለም። እኔ ውሃ ሻጭ ነኝ፤ ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።»

«በነጻ ግን አትሰጥም!» አለ ሠርፀ፣ እየሳቀ።

ቤት አከራያቸው ዘኪያ በስደት ጋምቤላ ያደገች የጁባ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ከእነሱ አያንስም። በርሜሏ እስኪሞላ ወገቧን ይዛ ረታን ትገስጸዋለች። «እኔ በዕድሜዬ አንዴ መርጫለሁ፤ ለነጻነት። አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ‹ምርጫው ዘንድሮ ነው› ይሉናል፤ ዘንድሮ ሲደርስ ‹ባዲን›። ኋላ፣ ኋላ፣ ኋላ! አንተ የተሰጠህን እጅ ኪስህ ትከተዋለህ። ወላሂ አንተን ነው መግረፍ!»

በኅዳር የሠርፀ ዓይን ቢጫ ሆነ። ጉበቱ ነው፤ ሐኪሙ ረታን ወደ ጥግ ወስዶ «ብዙ አይቆይም» አለው። በዚያው ወር እድሩም ታመመ። አገር ቤት ምርጫው ሲቃረብ፣ ክልልና ክልል ሲቋሰል፣ የጁባ ሰው በየስልኩ እያየ አኮረፈ። አንዱ ለቅሶ ሲደርስ ሌላው ቀረ። በመጨረሻ «ሁሉም በክልሉ ይደራጅ» የሚል ሐሳብ መጣና ለታኅሣሥ መጨረሻ እሑድ ተቀጠረ።

የዚያን እሑድ ጠዋት ሠርፀ ከፍራሹ ቀና አለ። «ረታዬ፣ እድሩ ከተከፈለ እኔ የማን ነኝ? ወለጋዎቹ የጎጃም ነው ይሉኛል፣ ጎጃሞቹ የወለጋ። እማዬ ሳጥኔን እንኳ ሳትነካ ልትቀር ነው። እኔ መሄድ አልችል፣ በውክልና አይቀበሉ። አንድ ጊዜ እጅህን አውጣልኝ። ለፓርቲ አይደለም፤ ለእኔ።»

«አወጣለሁ።»

«ማልልኝ።»

«የተገኝን አፅም!»

ስብሰባው በከፈለ ሆቴል ግቢ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ነበር። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ድምፁ እኩል ከመጣ እድሩ ባለበት ይቀጥላል። «ሁሉም በክልሉ የሚል?» አለ ከፈለ። አሥራ ሰባት እጅ ወጣ። «አንድ ሆነን እንቆይ የሚል?»

ረታ በዓይኑ ቆጠረ። አሥራ አራት። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። እጁ ከጉልበቱ ተነሳ፤ ሆዱን አለፈ፣ ደረቱ ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ ፊት ለፊቱ አንድ ስልክ ቀጥ ብሎ ቆሞ አየ።

«ላይቭ ነን!» አለ ባለስልኩ። «ማን ማን እንደሆነ አገር ቤት ይየው!»

ባለስልኩ መስታወቱን ወደ ሰዉ አዙሮታልና ረታ የራሱን ፊት አየበት፤ ከፊቱ ላይ ተመልካች የሚልካቸው ትንንሽ ቀይ ልቦች እየተነሱ ይበርራሉ። አሁን የሚያዩት እነማን ናቸው? ኤልሳቤጥ በር ላይ ማን ይቆማል? በተገኝ ፋንታ አሁን ተራው የማን ነው? እጁ ደረቱን አልፎ አንገቱ ላይ ደረሰና፣ አንገቱን አከከ።

«አሥራ ስድስት» አለ ከፈለ። «ተአቅቦ... ያው አንድ።» ሰው ሳቀ።

ቤት ሲገባ ሠርፀ አልተኛም ነበር። «እንዴት ሆነ?»

«አንድ ሆነን ቀረን።»

«በስንት?»

ረታ ጫማውን ለመፍታት ጎንበስ አለ። «በአንድ።»

ሠርፀ ፊቱ በራ። ያቺን አንዲት ድምፅ እንደ ክታብ ደረቱ ላይ ይዞ አምስት ሳምንት ከረመ። ጠያቂ ሲመጣ «የእኔ ረታ ነው ያዳነን» ይላል። ጠያቂው መሬት መሬት ያያል። ማንም አልነገረውም። የካቲት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ የቦቴዋን ጡሩምባ ከውጭ ሰምቶ «መጣ» እንዳለ አረፈ።

ከዚያ ወዲያ ሠርፀ የፈራው አንድም ሳይጎድል ደረሰ። አዲሱ የጎጃም እድር «ደንባችን በአባት ነው፤ በአባቱ የወለጋ ነው» አለ። አዲሱ የወለጋ እድር «ደንባችን በመታወቂያ ነው፤ መታወቂያው የአማራ ክልል ነው» አለ። እያለቀሱ ነው ያሉት፤ ሁለቱም ወዳጆቹ ነበሩ። ሬሳ የሚጭነው የአየር ካርጎ የማኅበር ደብዳቤ አምጡ ይላል። ወጪውም ለአንድ ቦቴ ነጂ የሚቀመስ አልነበረም። ረታ በአምስት ቀን ውስጥ ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ እስከ ወንዙ ዳር ያላንኳኳው የሐበሻ ሱቅ የለም። ያዝኑለታል፤ ከዚያ «የየትኛው እድር ነበር?» ይሉታል።

በአምስተኛው ቀን የሠርፀ እናት ደወሉ።

«ልጄ፣ ድንኳኑን ተክለናል። ሰዉም ከገጠር ገብቷል። ዛሬ ትደርሳላችሁ?»

«መንገድ ላይ ነን፣ እማማ።»

«እሰይ። እኔማ ፊቱን ባላይ ሳጥኑን እዳብሰዋለሁ።»

በስድስተኛው ቀን የሬሳ ማቆያው ጄኔሬተር ቆመ። የሁለቱ እድር ሰዎች በአንድነት ማንጎው ሥር ተቀመጡ፤ ከተለያዩ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ሌላ መንገድ የለንም» አለ ከፈለ፣ አቀርቅሮ። «ወንድማችን እዚሁ ጁባ ይቀበር የሚል?»

ከወዲያም ከወዲህም እጅ ወጣ። ለካ መስማማት ይችሉ ኖሯል። ከፈለ የረታን ልማድ ስለሚያውቅ ሳያየው ቆጠረው። «ተአቅቦ፣ አን...»

«አይደለም!»

ሰው ሁሉ ዞረ። የረታ እጅ ከራሱ በላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ባለስልኩም ነበረ፤ ስልኩን ግን ከኪሱ አላወጣም።

«እቃወማለሁ» አለ ረታ። «ሠርፀ አገሩ ይግባ።»

ማንም አልሳቀም። ከፈለ ከንፈሩን ነክሶ ለጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ። ጸሐፊው ጻፈ፤ ተቃውሞ፣ አንድ። ከዚያ መኪና ለመፈለግ ተነሱ። ረታ እጁን እስኪያወርድ የጠበቀው ሰው አልነበረም።

መቃብሩ በረጃፍ መንገድ፣ ወንዙ ከሩቅ ከሚታይበት ዳገት ላይ ነው። የካቲት መሬቱን እንደ ሸክላ አድርቆታል፤ ዶማው ይነጥራል። ቆፋሪው ላቡን ጠርጎ «ሞያ» አለ። ውሃ ከሌለ አይቆፈርም።

ረታ ቦቴዋን ወደ ኋላ አስጠጋት። ቱቦ መዘርጋት የሠርፀ ሥራ ነበር፤ ረታ ዘጠኝ ዓመት ከመሪው ወርዶ አያውቅም፤ ሠርፀ ከተኛ ወዲህ እንኳ ቱቦውን የቀን ሠራተኛ ነበር የሚዘረጋለት። ማሰሪያውን ለመፍታት ጣቶቹ ረጅም ጊዜ ፈጁ። ውሃው ወጣ። ቀዩ አፈር ጠጣው፣ ጠቆረ፣ ለዘበ። ቄሱ ፍትሐቱን ጀመሩ፤ ረታ ከእሳቸው ድምፅ ሥር፣ ለራሱ ብቻ አንጎራጎረ፤

ካርቱም የሚሄደውን ውሃህን ቀዳሁት፣
ለአባይ እንዳይደርስ አፈር አጠጣሁት።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ማን እንደሆኑ ሳያይም ያውቃል፤ የሠርፀ እናት ናቸው። ስልኩ ጮኾ ቆመ፣ እንደገና ጮኸ። ረታ ሁለቱንም እጆቹን ከቱቦው አላላቀቀም።