ወንዙ ወንድሙን ሊጠይቅ ሲወጣ

ልጅ ሳለሁ፣ ከጋምቤላ ከተማ ወረድ ብሎ ባሮ ወንዝ ዳር ካለው የሰፈራ መንደራችን፣ ሲመሻሽ ወደ ጎረቤታችን ወደ አባ ኡጁሉ ግቢ እሮጥ ነበር። ያኔ አኙዋኩ አዛውንት ፍም ላይ ዓሣ ያጨሳሉ፤ እኔም ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ የኩራዟ ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲወዛወዝ እያየሁ ተረታቸውን እጠብቃለሁ።

አባቴ ሰይድ ድርቅ ከወሎ ነቅሎ ያመጣው ገበሬ ነው። ባሮ ሜዳውን በሸፈነ ቁጥር «ጎርፍ መጣ!» እያለ ይራወጣል። አባ ኡጁሉ ይስቁበታል።

«ሰይድ፣ ጎርፍ አትበል። ወንዙ ወንድሙን ሊጠይቅ ወጣ በል።»

«ወንድሙ ማነው?» አልኳቸው።

«ሜዳው ነዋ! ሜዳ እግር የለው። ወንዙ አፈር ተሸክሞለት ይመጣል፤ ዓሣም እዚያው ይወልዳል። ውኃው ሲሄድ እኛ በቆሎ እንዘራለን።»

«ታዲያ የእኛን ቤት ለምን አፈረሰው?»

«አባትህ በወንድማማች መኻል ገብቶ ሠራዋ!»

አባቴም ሳቀ።

«አፈሩስ ከየት ይመጣል?»

«ከእናንተ ደጋ! አፈራችሁ ቀድሞ ገባ፣ እናንተ ዘገያችሁ።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ካርታ ስዘረጋ የወሎ ወንዞች ወደ ባሮ እንደማይወርዱ አየሁ፤ ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም። የቀረው ቃላቸው እውነት ነበር። የሰው ልጅ እህል አብቅሎ፣ ጎተራ ሞልቶ ከተማ የቆረቆረው፣ ወንዝ እየተመላለሰ በሚያለብሳቸው እንዲህ ባሉ ሜዳዎች ላይ ነው።

በተመረቅሁበት ዓመት የአባ ኡጁሉ ሜዳ «ባዶ መሬት» ተብሎ ለባለሀብት ተሰጠ። ባለሥልጣናቱ መሬቱን ሊያዩ የመጡት በክረምት ነበር፤ ያዩትም ውኃ ብቻ ነው። መሬት ቢሮ ድረስ ሄጄ፣ ማሳው ውኃው ሥር እንደሆነ፣ ውኃው ሲሸሽ እንደሚዘራ አስረዳሁ። ኃላፊው ፈገግ ብሎ፣ «ታዲያ በቆሎው የታለ?» አለኝ። በበጋ ውኃው ዳግም እንዳይገባ በወንዙና በሜዳው መኻል የአፈር ግድብ ተከመረ።

በቀጣዩ ክረምት ባሮ ሲሞላ ከአባ ኡጁሉ ጋር ግድቡ ላይ ቆምን። ከወዲህ ውኃ፣ ከወዲያ ደረቅ ሜዳ።

«አባ፣ አሁን ዓሣው የት ይወልዳል?»

ወደ ደረቁ ሜዳ ተመለከቱ።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉኝ።

ዛሬም ያቺ መልስ ትከነክነኛለች። በቆሎውንስ ምናልባት እረሳው ይሆናል፤ ለጥያቄ ሁሉ ተረት የነበራቸውን ሰው አፍ ያስያዘውን ግድብ ግን ይቅር አላልኩም።