ኤርሲሊያ በካፒቴኑ ገበታ

ኤርሲሊያ ትራቬርሶ የተከፈለበትን ነገር ጥላ ስትሄድ ያየ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። ንፉግ አይደለችም፤ የጀኖቫ ልጅ ናት እንጂ። ከእራት ስትነሣ ያልተነካው ዳቦ በናፕኪን ተጠቅልሎ ቦርሳዋ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ ሳህን ያለ ጭማሪ የሚገኝ ከሆነ ሆዷ ቢሞላም ታዝዘዋለች፤ ባትበላው እንኳ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ካላየችው እንቅልፍ አይወስዳትም። እኔም ከእሷ ብብስ እንጂ አልሻልም። ዕድሜዬን ሙሉ በጀኖቫ፣ በሳምፒዬርዳሬና ገበያ ዓሣ የሸጥኩ ሴትዮ ነኝ፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ የብርዱን ወራት የማሳልፈው በመርከብ ነው፤ ቤት ተቀምጬ ለማሞቂያ ከምከፍል እየዞርኩ ብበላ ይሻለኛል።

መርከቡ ከጀኖቫ ተነሥቶ ማርሴይን፣ ባርሴሎናንና ፓሌርሞን ዞሮ በሳምንቱ ይመለሳል። በአንድ ኩባንያ መርከብ ደጋግሞ የተጓዘ ሰው ካርዱ ቀለም ይቀይራል፤ ከሰማያዊ ወደ ብር፣ ከብር ወደ ወርቅ። ወርቅ የደረሰ ልብሱ በነፃ ይታጠብለታል፤ ክፍሉ ሲገባ አንድ ጠርሙስ ወይን ይጠብቀዋል፤ ታመምኩ ካለም የመርከቡ ሐኪም ያለ ክፍያ ክፍሉ ድረስ ትመጣለታለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጉዞ ዋጋ ቅናሹ ነው። እዚህ ላይ የሚመጻደቁትን ሰዎች ማየት ራሱ አንድ ቲያትር ነው። አንዳንዱ የካርዱን ዓርማ ለቁርስ በፒጃማው ላይ ሳይቀር ሰክቶ ይመጣል።

ኤርሲሊያ ግን ዓርማውን አትሰካም። እሷ የምትፈልገው ቅናሹን ነው፤ ምክንያቱም መርከቡ ላይ የምትኖረው ለሽርሽር አልነበረም። ባሏ ጄሮላሞ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ነገር ይጠፋበት ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ የቁልፍ ነገር፣ ቀጥሎ የመንገድ፣ ቀጥሎ የሰው ስም። ልጆቻቸው ኔርቪ ኮረብታ ላይ ያለውን የአረጋውያን መጦሪያ አሳዩአት። ግቢው ያምራል፣ ዋጋው ያስደነግጣል፣ የሚቀበሉትም የታመመውን ብቻ ነው። እሷ ጤነኛ ስለሆነች እሑድ እሑድ እየመጣች ልትጠይቀው ትችላለች አሏት። ኤርሲሊያ እቤቷ ገብታ አሰበች፤ በወርቅ ካርድ ቅናሽ መርከቡ ከመጦሪያው ይረክሳል፤ ምግብ ይቀርባል፣ አልጋ ይነጠፋል፣ ደግሞም ሁለቱ በአንድ ክፍል ያድራሉ። ሻንጣዋን አዘጋጅታ ባሏን ይዛ ተሳፈረች። መርከቡ በየሳምንቱ ጀኖቫ ሲደርስ ሁሉም ይወርዳል፤ እነሱ አይወርዱም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈራት። በዚያ መርከብ ሕግ ራሱን የማያውቅ ተጓዥ አይሳፈርም፤ ሐኪሟ አንዴ ከፈረመችበት በሚቀጥለው ወደብ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ካርዱ ወርቅ ቢሆን አልማዝ ቢሆን አይመልሰውም። ጄሮላሞ ከወረደ ደግሞ ሌላ ቦታ የለም፤ ኔርቪ ነው፤ ያለ እሷ።

ስለዚህ ትደብቀው ነበር። የሚበላውን እሷ ታዝዝለታለች፤ ሰው ሲያናግረው እሷ ትመልሳለች። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ በአንድ ጠረጴዛ ስለምንበላ። ሁለተኛ የሚያውቀው አኜሎ ነው፤ ከሕንድ የመጣ የጎዋ ሰው፣ የምግብ አዳራሻችን ዋና አስተናጋጅ። አንድም ቀን ምንም ሳይጠይቅ የጄሮላሞን ሥጋ ወጥ ቤት ውስጥ ቆራርጦ ያመጣል። አንድ ጊዜ ሽማግሌው የሰው ክፍል ገብቶ አልጋቸው ላይ ተቀምጦ ሲያገኙት ኤርሲሊያ በሩጫ ደርሳ፣ ወይኑ ስለበዛበት ነው ብላ እየሳቀች ይዛው ወጣች።

ከዚያ የታማኝ ደንበኞች ኃላፊ የሆነችው ልጅ ደስ እያላት ወደ ጠረጴዛችን መጣች። በዚህ ጉዞ ከተሳፈሩት ሁሉ ብዙ ሌሊት በመርከብ ያደሩት ሲኞርና ሲኞራ ትራቬርሶ መሆናቸውን አበሰረች። ነገ በካፒቴኑ ገበታ ይበላሉ፤ ሜዳሊያ ይሰጣቸዋል፤ ከሜዳሊያው ጋር ደግሞ የአንድ ወር ጉዞ በነፃ። አንድ የጠረጴዛ ጓደኛም መጋበዝ ይችላሉ። ጄሮላሞ ተነሥቶ የልጅቷን እጅ ሳመ። ልጅቷ ቀላች፤ ኤርሲሊያ ነጣች።

ልጅቷ ዘወር እንዳለች ወደ ኤርሲሊያ ጠጋ አልኩ። «አመመው በይ።»

«አመመው ካልኩ ሐኪሟ ክፍላችን ድረስ ትመጣለች። ካርዱ እኮ ነው የሚያመጣት።»

«እንግዲያው አንፈልግም በያ።»

እንደ እብድ አየችኝ። «አንድ ወር ሙሉ በነፃ? አንቺ ብትሆኚ አንፈልግም ትያለሽ?»

አልልም ነበር። ይህ በሽታ የሁላችንም ነው፤ የጀኖቫ ሰው መቃብር እንኳ በነፃ ቢሰጡት ወርዶ ይለካዋል። ብልህ ሴት ናት፤ ግን ነፃ የሚለውን ቃል ስትሰማ ብልሃቷ ጠፋ። አንድ ወር ማለት እኮ ለእሷ አንድ ወር ከጄሮላሞ ጋር ማለት ነው አልኩና ራሴንም አሳመንኩ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስታስጠናው ዋለች። «አመሰግናለሁ ካፒቴን፤ መርከቡ ቤታችን ነው።» ጄሮላሞ ድምፁ ገና ያምራል፤ በወጣትነቱ ከጀኖቫ ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ እስከ ብራዚሉ የሳንቶስ ወደብ ድረስ ይሄዱ በነበሩት ነጫጭ መርከቦች ላይ የአንደኛ ማዕረግ አስተናጋጅ ነበር፤ አነጋገሩ እስከ ዛሬ የጨዋ ነው። ደጋግሞ አሳምሮ ይለዋል። ከዚያ ደግሞ ቆም ይልና «የትኛው ካፒቴን?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም እንደገና ትጀምራለች። ክራቫቱን ስታስርለት አገጩን ይዛ ዓይን ዓይኑን እያየች ትለምነው ነበር፤ ዛሬን ብቻ፣ እባክህ፣ ዛሬን ብቻ።

ዕቅዳችን ቀላል ነበር። እሷ በግራው እኔ በቀኙ እንቀመጣለን፤ ቢሳሳት እሷ በእግሯ ትነካዋለች፣ እኔ ደግሞ ወሬ እጀምራለሁ። ገበታው ጋ ስንደርስ ግን የስም ካርዶቹ ተደርድረዋል። በካፒቴን ገበታ ባልና ሚስት ጎን ለጎን አይቀመጡም፤ የዱሮ ወግ ነው፤ እንደዚያ ደንግጣ ባይሆን ኖሮ ኤርሲሊያ ይህን ከማንም በፊት ታስበው ነበር። እሷ በካፒቴኑ ቀኝ ተመደበች። ጄሮላሞ ማዶ፣ በእኔና በሐኪሟ መካከል።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዓይኗ ንቁ፣ ፈገግታዋ ጥሩ። ያቺን ፈገግታዋን ነው የፈራሁት። ከሾርባው ጀምሮ ታዋራው ጀመር። ባሕሩ ዛሬ እንዴት ነው ስትለው፣ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ አላት። ልጆች አሏችሁ ስትለው እኔ ከአፏ ነጥቄ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው፣ ስለ ራሴም የእህት ልጆች ለፈለፍኩ። ኤርሲሊያ ካፒቴኑ የሚነግራትን አትሰማም፤ ማንኪያዋ ሾርባው ውስጥ ቆሟል፤ ዓይኗ እኛ ጋ ነው። ካፒቴኑ ብርጭቆውን አንሥቶ ለሲኞር ትራቬርሶ መልካም ሲመኝ ትንፋሼን ያዝኩ።

«አመሰግናለሁ ካፒቴን» አለ ጄሮላሞ። «መርከቡ ቤታችን ነው።»

ተጨበጨበ። ኤርሲሊያ ዓይኗን ጨፈነች። በቃ፣ አለፈ አልኩ በልቤ።

ዓሣው መጣ። ሙሉ ዓሣ፣ በትልቅ የብር ትሪ፣ ዙሪያውን ድንችና ወይራ። አስተናጋጁ በስተቀኝ ዞሮ ሊያወጣ ሲል ጄሮላሞ ፊቱ ተለዋወጠ። ትከሻው ቀና አለ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተነሣ። እጁን ያዝኩት፤ በትሕትና እጄን ከላዩ አነሣና «ይቅርታ ሲኞራ» አለኝ። ከዚያ ናፕኪኑን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ አስተናጋጁ ሄደ።

የኤርሲሊያ ፊት እንደ ኖራ ሆነ። ልትነሣ ብላ ወንበሯን ያዘች፤ ግን ተመልሳ ተቀመጠች። አስተናጋጁ ግራ ገብቶት አኜሎን አየ። አኜሎ ከግድግዳው ዳር ቆሞ ነበር፤ ልቀቅለት ብሎ በአገጩ ምልክት ሰጠ። ለዚያ ሰውዬ እስከ ዛሬ እጸልይለታለሁ።

ጄሮላሞ ትሪውን በግራ ክንዱ ተሸከመ፤ በቀኝ እጁ ማንኪያና ሹካውን አንድ ላይ ያዛቸው። የዓሣውን ቆዳ ገለጠ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ አላቀቀ፣ አጥንቱን ከጭራው እስከ ራሱ ሳይሰበር በአንድ ጊዜ አነሣው። ዓሣ ስሸጥ ኖሬ እንደዚያ ያለ እጅ አላየሁም። ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ የማያውቅ ሰው አንዲት ጠብታ ሳያንጠባጥብ ከእንግዳ ወደ እንግዳ በግራ በኩል እየዞረ አቀረበ። ካፒቴኑ ጋ ሲደርስ የጉንጩን ሥጋ መርጦ አወጣለት።

ካፒቴኑ በደስታ ተፍነከነከ። «ይህን ሙያ የት ተማሩት?»

«እዚሁ ነው ጌታዬ። የአየሩ ነገር እንዲህ ከቆየልን ሐሙስ ሳንቶስ እንገባለን።»

ገበታው በሳቅ ፈረሰ። ቀልድ መስሏቸዋል። የሽማግሌው ጨዋታ እንዴት ያለ ነው ተባባሉ፤ አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሣው። እኔም ሳቅሁ፤ ያውም ከሁሉ በላይ ጮክ ብዬ፤ በደስታ። ተርፈናል! ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ብንፈልግም አናገኝም ነበር። ሐኪሟ ብቻ አልሳቀችም፤ ሹካዋን አስቀምጣ በዓይኗ ትከተለው ነበር።

በመጨረሻ ኤርሲሊያ ጋ ደረሰ። ጎንበስ አለ። አያት፤ በደንብ ነው ያያት፤ ጥሩ አስተናጋጅ አዲስ የመጣ እንግዳ እንደሚያየው።

«ሲኞራ ብቻዎን ነው የሚጓዙት?»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። ካፒቴኑማ ጠረጴዛውን መታ። ኤርሲሊያ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። እኔ ግን የምሩን እንደሚጠይቃት ገባኝና ሳህኔን ገፋሁት።

«ባለቤቴን እየጠበቅሁ ነው» አለችው።

«እመጣለሁ ብለዋል?»

«ብሏል።»

«እንግዲያው ይመጣሉ። የእሳቸውን ድርሻ እንዳይቀዘቅዝ ሸፍኜ አስቀምጥልዎታለሁ።» ይህን ብሎ ከዓሣው ለስላሳውን ቦታ መርጦ ሳህኗ ላይ አደረገና፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ከወንበሯ በስተጀርባ ቆመ። ስትጨርስ ሊያነሣላት።

ሜዳሊያውን የተቀበለችው እሷ ናት፤ የጄሮላሞ እጆች በትሪው ተይዘው ነበር። ኃላፊዋ ልጅ የነፃውን ወር ኤንቨሎፕ ከሳህኗ አጠገብ አስቀመጠችላት፤ ሁሉም እንደገና አጨበጨበ። ኤርሲሊያ ኤንቨሎፑን አልነካችውም። ዓሣውን ቀስ እያለች በላች፤ ግማሹን ተወችው። ይህን ሳይ ነው ነገሩ እንዳበቃ የገባኝ።

ሰው ለጣፋጩ ተነሥቶ ወዲህ ወዲያ ሲል ሐኪሟ መጥታ ካፒቴኑ በለቀቀው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲኞራ፣ ነገ ጠዋት ክፍላችሁ ልምጣ?» አለቻት።

የኤርሲሊያን ውሸቶች በሙሉ አውቃቸዋለሁ። ወይኑ ነው፤ ድካም ነው፤ ጆሮው አይሰማም። ወይም ዛሬማ የዱሮ ሥራውን ሲያስመስል ነበር ብትል ማን ይጠረጥራል? ስድስት ሰው ይመሰክርላታል፤ እኔ ሰባተኛ። በዓይኔ ለመንኳት፤ በይ እንጂ እያልኩ።

ዞር ብላ ጄሮላሞን አየችው። ናፕኪኑ ክንዱ ላይ ነው፤ ደስ ብሎታል፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ ብሎት ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ይምጡ» አለቻት። ደግሞም፣ «የፈለጉትን ይጠይቁት። የኔን ስም ብቻ፣ እኔ ባለሁበት አይጠይቁት።»