በስቅለት የሳምነው ሰፍነግ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ካሁን በኋላም የማይ አይመስለኝም፤ ጉልበቴ ከአልጋዬ እስከ ደጃፌ ያለውን መንገድ እንደ ሩቅ አገር መቁጠር ከጀመረ ቆይቷል። ስለ አንድ የባሕር እንስሳ ግን ከመቱ ሰው ሁሉ አብልጬ አውቃለሁ። ፈልጌ ያወቅሁት አይደለም። ባላውቀው ኖሮ ወገቤም ዛሬ ቀና ይል ነበር።

ጣሊያን ከመግባቱ ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። ቡና በበቅሎ እያስጫንሁ በጎሬና በቡሬ አድርጌ ወደ ጋምቤላ ቆላ እወርድ ነበር። መርከብ የሚመጣው በክረምት፣ ባሮ ሲሞላ ነው፤ ቡናው ግን በበጋ ወርዶ መጋዘን ውስጥ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የእኛ መንገድ በሙቀቱና በአቧራው፣ ያውም በሁዳዴ ጾም ነበር። በባዶ ሆድ ዳገት መውጣት ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ከበቅሎዎቹ ይልቅ እኔ ሰነፍ መሆኔን ነው።

መጋዘኑ የአንድ ግሪክ ነበር። ሙሴ እለዋለሁ። አማርኛና ኦሮምኛ አንድ ቋንቋ ስለሚመስሉት ሁለቱን ቀላቅሎ ይመልስልኛል። ግራ እግሩን ይጎትታል። አንድ ዓመት የበቅሎዬን ገጣባ አየና ቁስሏን እጠብበት ብሎ ቢጫ፣ ቀዳዳው የበዛ፣ ለስላሳ ነገር ሰጠኝ። ውሃ ሲያገኝ ይጠጣል፤ ሲጨምቁት ሁሉን ይተፋል። ምን እንደሆነ ብጠይቀው ከባሕር የወጣ ነው አለኝ። እኔም የባሕር ሣር ነው ብዬ አመንሁ። ከውሃ ውስጥ ወጥቶ የማይነክስ ነገር ሌላ ምን ይሆናል?

መቱ ስመለስ የነፍስ አባቴ ዘንድ ይዤው ገባሁ። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። በጣታቸው ዳሰሱት፤ ውሃ ነክረው ጨመቁት፤ ደግመው ነከሩት። ከዚያ እንባቸው መጣ። ሰፍነግ ነው አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን በየስቅለቱ ያነበቡት፣ ሆምጣጤ ሞልተው ለጌታ በመቃ ያቀረቡለት፣ እሳቸው ግን አንድም ቀን አይተውት የማያውቁት ሰፍነግ። ከደብሩ ወጣት ካህናት አንዱ ሰፍነግ የጥጥ ድውር ነው እያለ ይከራከራቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የባሕር ሣር ነው ብለው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ያን ዕለት ተረቱ የተባሉት ሽማግሌ አሸናፊ ሆኑ። ምስክራቸውም እኔ ነበርሁ፤ ባሕር ያላየው የባሕር ምስክር።

በስቅለት ቀን በመቃ ጫፍ ሰክተው አወጡት። ሕዝቡ ተሰልፎ ሳመው። እኔማ የሰጪነቴ ኩራት ስላልቻለኝ ሁለት ጊዜ ተሰለፍሁ። እግዜር ይመስገን፣ በቅሎዋን ሳላጥብበት ቀረሁ።

በዓመቱ፣ በሁዳዴ፣ ጋምቤላ ወረድሁ። ግሪኩ የደረቀ፣ ስምንት ክንድ ያለው ነገር ከሰል ላይ ይጠብሳል። በጾም ሥጋ የሚበላ ክርስቲያን አይቼ አላውቅም ብዬ ነካሁት። እሱ ግን አልተቆጣም። በእነሱ አገር በጾም ዓሣ አይበላም፤ ደም የሌለው የባሕር እንስሳ ግን ይበላል አለኝ። ይሄኛው አጥንት የለውም፤ ቡጢ በማያስገባ ቀዳዳ ሹልክ ይላል፤ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ድንጋይ ይመስላል፤ ቆዳውን እንደ ሸማ ይለውጣል። በልጅነቱ ጠላቂ ሆኖ በዓይኑ አይቶታል። መጀመሪያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ታቅፎ ይሰምጥ ነበር፤ በኋላ የብረት ራስ የሚደፋበት ልብስ መጣና ጥልቁ ውስጥ ብዙ አቆየው። አንድ ቀን በችኮላ ሲያወጡት ግራ እግሩ እዚያው ሞቶ ቀረ።

ምን ሊለቅም ነበር የሚጠልቀው? ብዬ ጠየቅሁት።

«ያንተ የበቅሎ ማጠቢያ» አለ።

«ሣሩን?»

«ሣር? ማል ጎና!» አለና ሳቀብኝ፤ ምን እናድርግ ማለቱ ነው። «እንስሳ ነው እንጂ!»

የቀረውን ሲነግረኝ ላቤ ከሙቀቱ ይሁን ከድንጋጤው አላወቅሁም። ዓለት ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ራስ የለው፣ ዓይን የለው፣ ዕድሜውን ከቦታው አይነቃነቅ። በትናንሾቹ ቀዳዳዎች ባሕሩን ወደ ውስጥ ይጠጣል፤ ምግቡን አጥልሎ ያስቀራል፤ የተጣራውን ውሃ በትልቁ ቀዳዳ ይመልሳል። በሆዱ ውስጥ ጥቃቅን ፍጥረት ቤት ሠርቶ ይኖራል። ሲቆርጡት ሥሩ ዓለቱ ላይ ከቀረ ደግሞ ያድጋል። ሲወጣ ጥቁር ቆዳ አለው፤ መርከብ ላይ በእግራቸው ይረግጡታል፣ ሥጋው በስብሶ እየሸተተ ይታጠባል። እኛ የሳምነው አጽሙን ነው። ማዕበሉ ምግቡን ካላመጣለት በቆመበት ይሞታል። ምግቡስ ከየት ይመጣል ብዬ ብጠይቀው ከወንዝ ነው አለኝ፤ የግብፁ ወንዝ ሲሞላ ጭቃው ባሕሩን ያደፈርሰዋል፣ በጭቃው ለዓይን የማይታይ አረንጓዴ ነገር ይበቅላል፣ እሱን ሊበላ የትናንሽ ዓሣ መንጋ ይመጣል። ባሮም እዚያ ይደርሳል፣ የእናንተ ሶርም በባሮ በኩል ይደርሳል አለ። በሌላ ቀን ቢሆን በጭቃችን እኮራ ነበር።

ያን መንገድ ስመለስ እንደደከምሁ ደክሜ አላውቅም። ብናገር ሽማግሌው በወጣቶቹ ፊት ሊዋረዱ ነው። ዝም ብል ያ ሁሉ ጾመኛ፣ ያውም በስቅለት፣ ክርስቲያን ያልባረከውን የእንስሳ በድን ሊሳለም ነው። ቡሬ ስደርስ ለበቅሎዬ ተናዘዝሁ፤ ጆሮዋን ነቀነቀች። ጎሬ ላይ ለሆሳዕና እነግራቸዋለሁ አልሁ። በሆሳዕና ሰው በዛ። ሰኞ እሳቸው ደከማቸው። ማክሰኞ እኔ ደከመኝ። ድካም የሚባል ነገር ባይፈጠር ፈሪ ሰው በምን ያመካኝ ነበር?

ስቅለት መጣ። መቃው ወጣ። ሕዝቡ ተሰለፈ። ተራዬ ሲደርስ ከንፈሬን አስጠግቼ አየሩን ሳምሁ።

ወደ ማታ ጥብጠባው ደረሰ፤ እያንዳንዱ ኃጢአቱን በጆሯቸው ይነግራቸዋል፣ እሳቸው በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ አድርገው ስግደቱን ይነግሩታል። ጎንበስ ብዬ ሁሉንም ተናገርሁ። ቅጠሉ ጀርባዬ ላይ ቀረ።

«ነፍስ አለው?» አሉኝ።

«አለው አባ። ደም ግን የለውም፤ ግሪኮቹም በጾም...»

«የግሪክ ጾም ለግሪክ ነው። በሕይወት ሳለ ምን ይሠራል?»

እንደሰማሁት ነገርኋቸው። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል፤ አንዷ ሴትዮ ይሄ ሰውዬ የስንት ዓመት ኃጢአት ነው ያጠራቀመው ስትል ሰማኋት። እሳቸው የቸኮሉ አይመስሉም ነበር።

«ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ሲያጠራ ኖሮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በመጨረሻ ሆምጣጤ ተሸካሚ አደረጉት።» ከዚያ፣ «ካወቅህ ስንት ቀንህ ነው?»

«ሃያ ቀን።»

«ሕዝቡ ባለማወቅ ነው የሳመው። አንተ ግን አውቀህ ሃያ ቀን ዝም አልህ። ለቀኑ ሃያ ሃያ ስገድ።»

መቱኝ። ቅጠል እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር። ከዚያ ወይራውን ለዲያቆኑ ሰጡና፣ እኔ ቀና ሳልል፣ ከጎኔ ተንበረከኩ። በፈጠረዎት ይተዉ፣ ጉልበትዎ አይችልም ብዬ ለመንኋቸው።

«ሣር ነው ብዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። የእኔን አንተ አትሰግድልኝም» አሉኝ።

ሰገዱ። ሰልፈኛው ቄሱ ሲሰግዱ ሲያይ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አብሮ መስገድ ጀመረ፤ ያቺ ሴትዮ ሳትቀር። የመጣው ይምጣ ብዬ እኔም ቀጠልሁ። ግንባሬ አፈር ሲነካ ሽማግሌው ቀድመው ይነሳሉ፤ እኔ ገና እጄን የት እንደማሳርፍ እፈልጋለሁ።

ሲበቃቸው መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ። ሰፍነግ እንስሳ ነው፤ ሣር ነው ብዬ አስተምሬያችሁ ነበር፣ ተሳስቼ ነው፤ ከእንግዲህ እዩት እንጂ አትሳሙት አሉ። ያ ስለ ጥጥ ሲከራከራቸው የኖረው ወጣት ቄስ ከመሐል ወጥቶ መጣ። ሊስቅባቸው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ጥጥም አይደለም እኮ አባታችን፤ እኔም ተሳስቻለሁ» አለና ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው።

ሕዝቡም ተነስቶ አፈሩን እያራገፈ፣ እህል ሊቀምስ ወደየቤቱ ተበተነ። እኔ ገና ከአራት መቶው መቶ ሠላሳኛው ላይ ነበርሁ።