ከወንበሩ የማይነሱት አሠልጣኝ

ወጣቱን ፈረስ የሚያሠለጥኑት ሽማግሌ፣ ሜዳው መሃል የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠው ፈረሱ የታሰረበትን ረጅም ገመድ ይይዛሉ። ኮታቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ኪሳቸው ካሮት አያጣም። ፈረሱ ይዞራቸዋል። ሲደነብርም ሲገግምም ከወንበሩ አይነሱም። እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር።

ለካ ቀድሞ አጠገቡ እየተራመዱ ነበር የሚያስተምሩት። አንድ ቀን የፈረሱ ባለቤት፣ “ጋሼ፣ ይሄ ፈረስ ያነክሳል እኮ! ለአረማመድ ውድድር የሚሆን አይመስለኝም” አለቻቸው። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ የፈረሱን እግር ቢዳብስ ቢዳብስ ምንም አላገኘበትም። ሽማግሌው ግን ገብቷቸዋል። የዚሁ ፈረስ እናት ከጣለቻቸው ወዲህ ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ።

“እሱስ ደህና ነው፣ የኔ ልጅ። የኔን አካሄድ ይዞብሽ ነው። ትንሽ ታገሺው” አሏት።

ከዚያ ወዲህ ፈረሱ እያያቸው ተራምደው አያውቁም። አሁን አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ እኩል እየረገጠ ሲዞር ባለቤቱ ታጨበጭባለች። ሲጨርስ ሌላ ሰው ወደ ጋጣው ይወስደዋል። ፈረሱ ወደ ሽማግሌው እየዞረ ያሽካካል፤ እሳቸው ንቅንቅ አይሉም። ከዓይን ሲጠፋ ብቻ ከወንበሩ ይነሳሉ፤ እግራቸውንም እየጎተቱ በሌላው በር ይወጣሉ።