የሙጂንጋ ሳህን ባዶ ሲመለስ

ማማ ቦፋላ ቀናተኛ ናት። ሐሜት አይደለም፤ ራሷም በአደባባይ የምትናገረው ነው። ገና ሙሽራ ሳለች ከባሏ ከኢሎንጋ ጋር በታንኳ የሩኪን ወንዝ ስታቋርጥ፣ ማዶ ልብስ የምታጥብ አንዲት ልጅ እጇን ብታውለበልብለት፣ መቅዘፊያውን ከእጁ ነጥቃ ውኃው ውስጥ ወረወረችው። ሁለቱም በመዳፋቸው ውኃውን እየቀዘፉ፣ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቤታቸው ደረሱ። ኢሎንጋ ይህን ሲያወራ በሳቅ ይንፈራፈራል። እሷ ግን የልጅ ልጅ ካየች በኋላ እንኳ፣ "ልጅቷ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልነገረኝም" ትላለች።

የጎረቤት ዶሮ ብዙ ጫጩት ከፈለፈለች ትቀናለች። የሰው ሙዝ ከእሷ ሙዝ ቀድሞ ከበሰለ ትቀናለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጎኗ የቆመችው ዘማሪት ድምፅዋን ከፍ ካደረገች፣ እሷ የባሰ ከፍ አድርጋ መዝሙሩን ገደል ትከተዋለች። በአንድ ነገር ብቻ ቀንታ አታውቅም፤ በወጥ። በወጥ ሌላው ይቅናባት እንጂ እሷ በማን ልትቀና!

ፖንዱ፣ ማለትም የካሳቫ ቅጠል ወጥ፣ በቦፋላ እጅ ሲሠራ ሌላ ነገር ነው። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ለጋ ለጋውን ትቀጥፋለች፣ በፈላ ውኃ ታሳልፈዋለች፣ ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ አግብታ ትወቅጠዋለች። ዓይኗን ጨፍና ነው የምትወቅጠው፤ የዘነዘናው ድምፅ ሲለሰልስ ጆሮዋ ይነግራታል። ሽንኩርት፣ በጭስ የደረቀ አምባዛ፣ ቃሪያ፣ በስተመጨረሻ ቀዩ የዘንባባ ዘይት። ኢሎንጋንም ያገኘችው በዚሁ ወጥ ነው። ጎረምሳ ሳለ ዓሣ ሊሸጥ አባቷ መንደር መጥቶ፣ በእንግድነት ተጋብዞ በላ፤ ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ፣ "ይህን የሠራው እጅ ባል አለው?" ብሎ ጠየቀ። ስለዚህ ቦፋላ ስለ ባሏ ያላት እምነት አጭርና ግልጽ ነው፤ በሆዱ መጣ፣ ከሄደም በሆዱ ይሄዳል።

አመሻሽ ላይ የመንደሩ ወንዶች በአንድ ዳስ ሥር አብረው ይበላሉ። እያንዳንዷ ሚስት ሳህኗን ከመሃሉ ምሰሶ ሥር አስቀምጣ ትመለሳለች። ሴት እዚያ አትቀመጥም፤ እዚያ የተባለውንም አትጠይቅም። ወንዶቹ ከሁሉም ሳህን ይጎርሳሉ። ሲጨርሱ ሴቶቹ ሳህናቸውን ሊያነሡ ይመጣሉ፤ ጉዱ ያኔ ነው። ተጠርጎ የተበላላት ሳህኗን ገልጣ በራሷ ላይ አድርጋ ረጅሙን መንገድ ትመርጣለች። የተረፈባት በሙዝ ቅጠል ሸፍና በጓሮ በኩል ሹልክ ትላለች። ቦፋላ የጓሮውን መንገድ ረግጣው አታውቅም ነበር።

ቦኩንጉ እስኪሞት ድረስ።

ቦኩንጉ የኢሎንጋ የአጎት ልጅ ነው። በትልልቅ ጀልባዎች ላይ እየሠራ ሩቅ ካሳይ ድረስ ዘልቆ እዚያው ሚስት አገባ። ታሞ ሲሞት አስከሬኑ ወደ ተወለደበት መንደር መጣ፤ ሚስቱም አብራ መጣች። ሙጂንጋ ትባላለች። ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ የሐዘን ልብስ እንኳ የሚያምርባት ሴት ናት። በወጉ መሠረት ሐዘኑ እስኪወጣ በባሏ ቤት ትቀመጣለች፤ የባሏ መቀመጫ ዱካም በዳሱ ውስጥ ባዶውን ይቆያል፤ እሷም በየምሽቱ ከዱካው አጠገብ አንድ ሳህን ታኖራለች። ሐዘኑ ሲወጣ ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ ከፈቀደች ደግሞ ከሟች ዘመዶች አንዱ ያገባታል። ይቺ "ከዘመዶች አንዱ" የምትለዋ ነገር በቦፋላ ጆሮ እንደ ትንኝ ገብታ ቀረች።

ከመጀመሪያው ምሽት አንሥቶ የሙጂንጋ ሳህን የታጠበ እስኪመስል ተጠርጎ ተመለሰ። የቦፋላ ሳህን ግን ግማሹን እንደያዘ መጣ። በማግስቱም እንደዚያው። በሳምንቱም እንደዚያው። ቦፋላ ዘይት ጨመረች። ዓሣ ጨመረች። ኦቾሎኒ ፈጭታ ጨመረች። ግማሽ! ሙጂንጋ ግን ባዶ ሳህኗን በራሷ ላይ አድርጋ በረጅሙ መንገድ ስትሄድ፣ የቦፋላ ቆሽት በጓሮ በኩል እያረረ ይሄዳል።

የባሰው ደግሞ ኢሎንጋ ነው። ቤት ሲገባ አይጫወትም፤ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያውን ያያል፤ ይቃትታል።

"ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው ጣሪያ ያያል?"

"ጠግቤ ነው፣ አንቺ ሴትዮ።"

"በማን ወጥ?"

"በሁሉም።"

"ሁሉም የምትባል ሴት እዚህ መንደር የለችም። በማን ወጥ?"

ኢሎንጋ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ቦፋላ ያንን ትንፋሽ ታውቀዋለች። ወጣት ሳለ ለእሷ የተነፈሰው ትንፋሽ ነው፤ እንዲያ መሰላት።

አንድ ምሽት ቁርጧን አወጣች። ወንዶቹ ገና ከወንዝ ሳይመለሱ ሳህኗን ይዛ ወደ ዳሱ ገሰገሰች። የሙጂንጋ ሳህን ቀድሞ ተቀምጧል። ከመንደሩ ሽማግሌ ከፓፓ ሎኩሊ በቀር ማንም የለም፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው አንቀላፍተዋል። ቦፋላ ግራ ቀኙን አየች፣ የሙዝ ቅጠሉን ገለጥ አደረገች፣ ጣቷን ነከር አድርጋ ላሰች።

እሬት! ምላሷ ተኮማተረ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ቦፋላ፣" አሉ ፓፓ ሎኩሊ አንድ ዓይናቸውን ብቻ ገልጠው፣ "ጣትሽ መንገድ ጠፋበት እንዴ?"

"ትንኝ ገብቶ ነው፣ ፓፓ። ላወጣ ብዬ።"

"ይታየኛል። ትልቅ ትንኝ ነው፤ ጥርስ ሁሉ አለው።"

እየሮጠች ወጣች። መጀመሪያ ደስታ አሰከራት፤ በመንገዷ ያገኘችውን ፍየል ሁሉ ሰላም ልትል ምንም አልቀራት። ይህን መራራ ነገር ነው ወጥ ብላ የምታቀርበው! ቤቷ ደጃፍ ስትደርስ ግን እግሯ ተገታ። ጣፋጭ ሠርታ ቢወዱላት አንድ ነገር ነው። መራራ ሠርታ ሳህኑን የሚልሱላት ከሆነ ግን፣ የሚወዱት ወጡን አይደለም ማለት ነው!

ኢሎንጋ ሆዱን ይዞ ሲገባ ከበሩ ላይ ጠበቀችው።

"ቀምሼዋለሁ" አለችው።

"ምኑን?"

"የሙጂንጋን ወጥ። እንኳን ሰው፣ አሳማ አይደፍረውም። አንተ ግን ትልሰዋለህ። እሷን ብለህ ነው፤ ካድ እስቲ! ሐዘኑ የሚወጣበትን ቀን እየጠበቅህ ነው።"

ኢሎንጋ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ።

"በቀብሩ ዕለት ፓፓ ሎኩሊ ሰበሰቡን። 'የቦኩንጉ ሚስት ሳህን እህል ይዞ ከተመለሰ፣ ተነሥተሽ ወደ አገርሽ ሂጂ እንዳልናት ነው። ሐዘኗ እስኪወጣ ምንም ብትሠራ ተጠርጎ ይበላል' አሉን። ማልን። በማግስቱ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ስንጎርስ፣ ፓፓ ራሳቸው ምን ነካኝ ብለው ሰማይ ሰማይ አዩ። ግን ምሏል ሰዉ። ቶሎ እንገላገለው እያልን እሱን እናስቀድማለን፤ ወደ አንቺ ሳህን ስንደርስ አፋችን መሯል፣ ሆዳችን ይንጫጫል። የአንቺን እያየሁ ነው የምቃትተው፣ ማማ። የአንቺን!"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ነገ ጠዋት ወንዝ ዳር ሴቱ ሁሉ አይሰማም?"

ቦፋላ አሰበችበት። "ከቀትር በፊትማ አልናገርም ነበር" አለች።

ምሬቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አልፈጀባትም። ሙጂንጋ ያደገችበት አገር ካሳቫው የዋህ ነው፤ ቅጠሉን ወቅጦ እንደነበረ መቀቀል ነው። የዚህ ወንዝ ዳር ካሳቫ ግን ክፉ ነው፤ መጀመሪያ የፈላበት ውኃ ካልተደፋ መርዙን ይዞ ይቀራል። ይህን ደግሞ ማንም ለማንም አይነግርም፤ እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቀዋልና።

በማግስቱ አንድ ጭብጥ ቅጠል ይዛ ሙጂንጋ ደጅ ቆመች። ሙቀጫዬ ተሰንጥቆ ነው፣ የአንቺን አውሺኝ ብላ፣ እዚያው እየሠራች ልታሳያት ነበር። ሙጂንጋ ግን ቀደመቻት።

"ነይ፣ ግቢ ማማ ቦፋላ! እኔው ልጠራሽ ሳስብ ነበር። እንዳትቀየሚኝ፤ ሳህንሽ ተሸፍኖ በጓሮ ሲያልፍ ሳይ አንጀቴ ይላወሳል። ፖንዱ አሠራሩን ላሳይሽ?"

ቦፋላ የያዘችውን ቅጠል ጨመቀችው። ለእሷ! ፖንዱ! ለእሷ! እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። አንዲት ነገር ብትናገር በቃ ነበር፤ "በይሉኝታ ነው የሚበሉልሽ" ብትላት ይቺ ረጅም ሴት ዛሬውኑ ጓዟን ጠቅልላ በመጀመሪያው ጀልባ ትሄዳለች። ኢሎንጋም ይተርፍላታል፣ ረጅሙ መንገድም ይመለስላታል። አፏን ከፈተች።

"ታውቂያለሽ?" አለች ሙጂንጋ እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ "ያ ሳህን ባዶ ሲመለስ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። እዚህ አገር ሰው እንዳለኝ የማውቀው በእሱ ብቻ ነው።"

ቦፋላ የከፈተችውን አፍ ምን ታድርገው?

"እሺ" አለች። ከወለደቻቸው ልጆች ሁሉ ይልቅ ይቺ ቃል አስጨንቃት ወጣች። "አሳዪኝ። ግን ሆዴ ደካማ ነው፤ ለእኔ ብለሽ ቅጠሉን መጀመሪያ በፈላ ውኃ አሳልፊው፣ ውኃውንም ድፊው።"

"ጉልበቱ አብሮ አይሄድም?"

"ይሂድ። እኔ ጉልበት አልጎደለኝም።"

በአንድ ሙቀጫ በሁለት ዘነዘና፣ አንዷ ስታነሣ ሌላዋ እየጣለች ወቀጡ። ሙጂንጋ ስታስተምር አትደክምም፤ "እጅሽን ላላ አድርጊ፣ ማማ"፣ "አይ፣ ዓይንሽን አትጨፍኚ"። ቦፋላ ጥርሷን ነክሳ ዓይኗን ገልጣ ወቀጠች። ድስቱ በስሎ ሲወጣ ሙጂንጋ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። ማንኪያውን ድስቱ ላይ አሳረፈች።

"አይመርም" አለች።

"አይመርም።"

"ቦኩንጉ ከሞተ ወዲህ አፌ የገባ ሁሉ ይመረኝ ነበር። ሐዘን ነው ብዬ። ሐዘን አፍ ያመራል ይሉ የለ? እኔ በእኔ አፍ ብቻ መስሎኝ..." ድስቱን አየች፣ የተደፋውን ውኃ አየች፣ ቦፋላን አየች። "ያንን ሁሉ... በሉት?"

"በሉት።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"የአንቺም ባል?"

"እሱማ ጣሪያ እያየ ነው የሚያድረው። እኔ ደግሞ በፍቅርሽ ነው ብዬ፣ ሊያገባሽ ነው ብዬ ስቃጠል ከረምኩልሽ!"

ሙጂንጋ እያለቀሰች ነው ስትባል ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ማንን? ኢሎንጋን? ያንን ሲስቅ እንደ ጉማሬ የሚያናፋውን? ቢሰጡኝም አልወስደው!"

"ምን ጎድሎት ነው የማትወስጂው?" አለች ቦፋላ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። "ሳቁ እንደሆነ ሩቅ አገር የሚሰማ ሳቅ ነው!"

ያን ምሽት ሁለቱም ሳህናቸውን ይዘው መጡ። ሙጂንጋ የእሷን ከዱካው አጠገብ ካኖረች በኋላ እንደ ወጉ አልተመለሰችም፤ ምሰሶውን ይዛ ቆመች።

"አባቶቼ፣" አለች፣ "እዚህ የተባባላችሁትን አልጠይቅም፤ ሴት አትጠይቅም። ውለታችሁን ግን አውቄዋለሁ። ዛሬ የጣፈጠው ይብላ፣ ያልጣፈጠው ይተወው። እኔ እንደሆነ የትም አልሄድም።"

ወንዶቹ እግር እግራቸውን አዩ። ፓፓ ሎኩሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እንግዲህ ሰምተናል" አሉ። ከዚያ ዘመድ ቤት እንደገባ ሰው፣ ሳይቻኮሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረሱላት፤ ቅንድባቸውም ከፍ አለ።

ሳህን የማንሣቱ ሰዓት ሲደርስ፣ በሙጂንጋ ሳህን ጥግ ላይ አንድ ጉርሻ የሚሆን ፖንዱ ተርፎ ተገኘ። ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ጠግበው የተዉት። ሙጂንጋ ሳህኑን አልሸፈነችውም። ትርፉን እንደያዘ በራሷ ላይ አድርጋ፣ ላገኘችው ሁሉ ዝቅ እያለች እያሳየች፣ በረጅሙ መንገድ ሄደች።

የቦፋላ ሳህን ከስንት ጊዜ በኋላ ንጹሕ ሆኖ፣ ተጠርጎ፣ ተልሶ ተመለሰ። ልትፈነድቅ ይገባት ነበር። እሷ ግን ሳህኑን አገላበጠችው፤ ወደ ብርሃን አዙራ አየችው፤ ይዛው ቤት ገባች።

"ኢሎንጋ።"

"አቤት፣ ማማ?" ጠግቦ፣ ፊቱ በርቶ ተቀምጧል።

"የእኔን ሳህን ለምን ጨረሳችሁት?"

"ጣፍጦን ነዋ!"

"የእሷን በነፃነት ትታችሁ የእኔን ጠረጋችሁት" አለች ቦፋላ ሳህኑን አፍንጫው ሥር ደግና። "እውነቱን ተናገር፤ ማን አዘዛችሁ?"